ኪሩና፦ የብረት ማዕድን የቆረቆራትና የብረት ማዕድን ያስነሣት ከተማ

በ2004 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስዊድን ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው የኪሩና ከተማ ማዘጋጃ ቤት ከማዕድን ኩባንያው ከኤልኬኤቢ አንድ መልእክት ደረሰው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነበር። ማዕድኑን ወደ ታች እየተከተልን መቆፈር ከቀጠልን መሬቱ እየተሰነጠቀ መሀል ከተማ ይደርሳል፤ ስለዚህ መሀል ከተማው ይነሣ የሚል ነው። ኩባንያው ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነው፤ የከተማዋ ትልቁ ቀጣሪም እሱ ነው። ከ18,000 ገደማ ነዋሪ ውስጥ ባሏ፣ ልጇ ወይም ወንድሟ ማዕድኑ ውስጥ የማይሠራ ሴት ማግኘት ያስቸግራል፤ ብዙ ሴቶችም ራሳቸው እዚያው ይሠራሉ። ታዲያ እንዲህ ላለው ደብዳቤ «እምቢ» የሚል ማን ነው?

ስለ ተነሺ፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ምትክ ቤት መከራከር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ማየት የሚጠቅም መስሎኛል። በኦገስት 2025 አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን በጎማ ላይ ተጭኖ በከተማዋ ጎዳና ሲሄድ ዓለም በስልኩ ተመልክቶ አድንቋል። ማድነቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ የሁለት ቀን ትዕይንት ሃያ ዓመት የፈጀ ድርድር አንድ ምዕራፍ ነው። ስዊድን ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ይህች አገር ዜጋዋን ከቤቱ ማስነሣት ግድ ሲሆንባት ምን እንደምታደርግ፣ ምንስ እንደማታደርግ ከኪሩና የበለጠ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም።

ኪሩና ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን 145 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው ያለችው። በዲሴምበር ለሦስት ሳምንት ያህል ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ደግሞ በእኩለ ሌሊትም አትጠልቅም። በዚህ ቦታ ከተማ ለመቆርቆር ከብረት በቀር ምክንያት አልነበረም። ኤልኬኤቢ የተመሠረተው በ1890 ነው፤ ከተማዋ በ1900 ተቆረቆረች። የባቡር ሐዲዱ በ1902 ተራራውን አቋርጦ ኖርዌይ ውስጥ ናርቪክ ወደብ ደረሰ፤ ናርቪክ በክረምትም ባሕሩ አይረጋም፣ ስለዚህ ማዕድኑ ዓመቱን ሙሉ ይጫናል። ዛሬም 68 ፉርጎ የሚጎትቱ ባቡሮች በዚያው መስመር ይመላለሳሉ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሚያወጡት የብረት ማዕድን 80 በመቶ የሚሆነው ከዚሁ ኩባንያ ነው የሚወጣው።

የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ያልማር ሉንድቡም የሥነ ምድር ባለሙያ ነበር። በዚያ ዘመን በሌሎች የማዕድን ሰፈሮች ሠራተኛው በጣውላ ጎጆ ተፋፍጎ ይኖር ስለነበር ኪሩና እንደዚያ እንዳትሆን ቆርጦ ተነሣ። ፔር ኡሎፍ ሃልማን የተባለውን የከተማ ፕላን ባለሙያ አስመጣ። ሃልማን ከተማዋን ሸለቆ ውስጥ አላስቀመጣትም፤ ኮረብታው ተዳፋት ላይ አደረጋት፤ ምክንያቱም ብርድ እየከበደ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ጎዳናዎቹንም ቀጥ አድርጎ አልዘረጋቸውም፤ የመሬቱን አቀማመጥ ተከትለው እንዲጠማዘዙና ነፋሱን እንዲሰብሩ አደረገ። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን መሬቱ ለምን እንደሚሰነጠቅ ላስረዳ፤ የክርክሩ ሁሉ ሥር እዚህ ነውና። ማዕድኑ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ዓይነት ነው። ርዝመቱ አራት ኪሎ ሜትር፣ ውፍረቱ ሰማንያ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ወደ አንድ ጎን እንዳዘነበለ ግዙፍ ግድግዳ በመሬት ውስጥ ቆሟል። የሚያዘነብለው ወደ ከተማዋ ነው፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ወደ ቤቶቹ ሥር ይጠጋል። መጀመሪያ ከላይ ገደሉን እየናዱ ነበር የሚያወጡት፤ ከ1960ዎቹ ወዲህ ሥራው ከምድር በታች ሆነ። ዘዴው ማዕድኑን ከሥር በፈንጂ እየሰበሩ ማውጣትና በላዩ ያለው ዐለት ራሱ ተንዶ ክፍተቱን እንዲሞላ መተው ነው። ርካሽና ፈጣን ነው። ነገር ግን ከታች የተናደው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይደርሳል፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር በላይ የሚሰነጠቀው መሬት ይሰፋል። በ2013 የተከፈተው ዋናው የማጓጓዣ ደረጃ 1,365 ሜትር ላይ ነው የሚገኘው።

ፈንጂው የሚፈነዳው ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት ነው። የኪሩና ሰው አልጋው ሲንቀጠቀጥ አይነቃም፤ ለምዶታል። በሜይ 18 ቀን 2020 ሌሊት ግን የተሰማው ከተለመደው የተለየ ነበር። ማዕድኑ ራሱ ያስነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ በመለኪያ 4.9 ደረሰ። ሰው አልተጎዳም፤ ምርቱ ግን ታወከ፤ ዐለቱ ምን ያህል ጫና እንደተሸከመም በግልጽ ታየ።

ወደ ካሳው እንምጣ። የስዊድን የማዕድን ሕግ መነሻው ቀላል ነው፦ ጉዳቱን ያደረሰ ይከፍላል። ባለ ቤት ከሆንክ ኩባንያው የቤትህን የገበያ ዋጋ ገምቶ 25 በመቶ ጨምሮ ይከፍልሃል፤ ካልፈለግህ በምትኩ በአዲሱ ሰፈር ቤት ይሠራልሃል። ከመሀል ከተማው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ አዲስ ማዕከል ተቀየሰ። በ2013 የዲዛይን ውድድሩን የስዊድኑ ዋይት አርኪቴክተር ከአጋሩ ጋር አሸነፈ። በመጀመሪያው ዕቅድ የሚነሡት 3,000 ቤቶችና 6,000 ሰዎች ያህል ነበሩ፤ ከከተማው ሕዝብ ሢሶ ማለት ነው።

በኪሩና ከልቤ የማደንቀው አንድ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። አዲሱ ማዘጋጃ ቤት መጀመሪያ ተሠራ፤ አሮጌው ከዚያ በኋላ ፈረሰ። ክሪስታለን የተባለውን ክብ ሕንፃ የዴንማርኩ ሄኒንግ ላርሰን ድርጅት ነደፈው፤ በ2018 ተመረቀ። አሮጌው በ1960ዎቹ የተሠራና በሥነ ሕንፃው የተሸለመ ነበር፤ በ2019 ፈረሰ። ፈርሶ ግን አልጠፋም፤ የብረት የሰዓት ማማው ተነቅሎ ከአዲሱ ሕንፃ አጠገብ ቆሟል። ሱቆቹም እንዲሁ አዲሱ የገበያ ጎዳና ተሠርቶ በሴፕቴምበር 2022 እስኪከፈት ድረስ በአሮጌው ቦታ ይሠሩ ነበር። «ከዚህ ወር በኋላ የት ትገባለህ?» ተብሎ ሜዳ ላይ የተጣለ ሰው የለም። በከተማውና በስንጥቁ መካከል ደግሞ መናፈሻ ተዘርግቷል፤ ስንጥቁ ሲቀርብ መናፈሻው ይታጠርና ቀጣዩ ረድፍ መናፈሻ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሆነው ባለሥልጣኑ ደግ ስለሆነ ነው ብዬ አላምንም። ሕጉ ዋጋውን አስቀድሞ ኩባንያው ላይ ስለጫነበት፣ ኩባንያው ደግሞ ለመክፈል የሚያስችል ማዕድን ስላለው ነው።

ተከራይ ግን ከባለ ቤቱ እኩል አልታየም። በኪሩና ብዙ ሰው የሚኖረው ሃምሳና ስልሳ ዓመት በቆየ አፓርታማ ውስጥ በርካሽ ኪራይ ነበር። የፈረሰው አሮጌ ቤት ነው፤ የተሰጠው አዲስ ቤት ነው፤ የአዲስ ቤት ኪራይ ደግሞ የአዲስ ቤት ነው። ጭማሪው በአንዴ እንዳይወርድበት በየዓመቱ ቀስ እያለ እንዲጨምር ስምምነት ተደርጓል፤ መጨረሻው ግን ያው ከፍ ያለ ኪራይ ነው። ጡረተኛዋ የምትከፍለው ለማታውቀው ሰፈር፣ ላልመረጠችው ኩሽና ነው። ትንንሽ ነጋዴዎችም ላይ የደረሰው ተመሳሳይ ነው። አሮጌው ጎዳና ላይ በዝቅተኛ ኪራይ ይተዳደር የነበረ ሱቅ በአዲሱ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ ስሌቱ ሌላ ይሆንበታል።

ስለ ብርዱም መናገር ያስፈልጋል። አዲሱ ማዕከል የተቀመጠው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ቀዝቃዛ አየር እዚያ ይጠራቀማል፤ በክረምት አንዳንድ ቀን ከአሮጌው ከተማ እስከ 10 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሕንፃዎቹ ረጃጅምና የተቀራረቡ፣ ጎዳናዎቹም ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ዝቅ ብላ የምትጓዘው የሰሜን ፀሐይ መንገዱ ላይ ለመድረስ ትቸገራለች፤ ነፋሱ ግን እንደልቡ ይገባል። ሃልማን በ1900 ያለ ኮምፒዩተር የተረዳው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ ተዘንግቶ ነው ማለት ይከብደኛል። የዘነጋ ሰው የለም፤ ምርጫው ጠባብ ነበር። በኪሩና ዙሪያ ያለው መሬት ወይ የመንግሥት ነው፣ ወይ ለማዕድን የተከለለ ነው፣ ወይ ሬንዲር ለሚባለው፣ በሰሜኑ ብርድ አገር ለሚረባው የአጋዘን ዓይነት ግጦሽ የተጠበቀ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው የተረፈላት ቦታ ላይ ነው። ውጤቱን ግን በየጥዋቱ ልጅ አልብሶ ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚወስድ ወላጅ ይቀበለዋል፤ በካሳው ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ ለብርድ የተመደበ ዓምድ የለም።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደረስን። በ1912 ተሠርቶ ያለቀው ይህ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን የጉስታፍ ቪክማን ንድፍ ነው፤ ያሠራው ኩባንያው ራሱ ነው። በ2001 ስዊድናውያን ከ1950 በፊት ከተሠሩ ሕንፃዎች ሁሉ ተወዳጁ ብለው መርጠውታል። ከሩቅ ሲያዩት የሰሜን ስካንዲኔቪያ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ይኖሩበት የነበረውን ድንኳን ይመስላል፤ ታስቦበት ነው። በቀይ ቀለም የተቀባ ነው፤ ጣራው ተዳፋት ሆኖ እስከ ታች ይወርዳል፤ በጣራው ዙሪያ በወርቅ የተለበጡ 12 ሐውልቶች ቆመዋል። መሠዊያው ላይ ያለውን ሥዕል የሣለው ልዑል ዩጂን ነው። የእኛን ቤተ ክርስቲያን የለመደ ዐይን እዚያ ቅዱሳንን ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ፀሐይ ያረፈባቸው ዛፎች ያሉበት መልክዓ ምድር ነው። ለሦስት ሳምንት ፀሐይ ለማያይ ምእመን ይህ ሥዕል ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ኦገስት 19 ቀን 2025 ጠዋት 672 ቶን የሚመዝነው ይህ ሕንፃ ከመሠረቱ ተላቅቆ፣ ከሥሩ በገቡ የብረት አግዳሚዎች ተደግፎ፣ በሁለት ረድፍ ረጃጅም ተሽከርካሪዎች ላይ ተቀምጦ ተነሣ። ሥዕሉና ከሺህ በላይ ቱቦ ያለው ኦርጋን በቦታቸው ተሸፍነው አብረው ተጓዙ። ስፋቱ 40 ሜትር ስለሆነ አስቀድሞ 9 ሜትር የነበረው መንገድ 24 ሜትር እንዲሆን ተደርጓል፤ አንድ ድልድይም ፈርሷል። ፍጥነቱ በሰዓት ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነበር። ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከፍና ዝቅ ስለሚሉ መንገዱ ሲያዘነብል ሕንፃው አያዘነብልም። የስዊድን ቴሌቪዥን በቀጥታ ሲያስተላልፈው ብዙውን ጊዜ የሚታይ እንቅስቃሴ አልነበረም፤ ዐይንህን ከጣራው ጫፍ ወደ ኋላው ዛፍ አንሥተህ ስትመልስ ብቻ ነው መሄዱን የምታውቀው። ጉዞው በቡራኬ ተጀመረ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው መንገድ ዳር ቆመ፤ በሁለተኛው ቀን ንጉሥ ካርል 16ኛ ጉስታፍም ተገኙ። አምስት ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ በአዲሱ ቦታ፣ ከመቃብር ስፍራው አጠገብ ተቀመጠ። ወጪው 500 ሚሊዮን ክሮና ገደማ ሲሆን የከፈለው ኩባንያው ነው።

መሃንዲሶቹ ሊመሰገኑ ይገባል። የእኔ ጥያቄ ስለ ስሌቱ ነው። በዕቅዱ ከፈረሱት ሕንፃዎች ብዛት ጋር ሲነጻጸር ሳይፈርሱ እንዲዛወሩ የተመረጡት የታሪክ ቅርሶች ጥቂት ናቸው፤ የሉንድቡም መኖሪያና ሠራተኞቹ የቀለም ጠርሙስ እያሉ የሚጠሯቸው ቤቶች ከነዚያ ውስጥ ናቸው። የተዛወሩት በአብዛኛው ኩባንያው በመጀመሪያ ዘመኑ ያሠራቸው ናቸው። ሰዎች ልጅ ያሳደጉባቸው ተራ አፓርታማዎች ፈረሱ። ቅርስ የሚባለው ምን እንደሆነ ለመወሰን ሁሉም ዕኩል ድምፅ አልነበረውም።

ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ኪስ አጭር ነገር ልበል፤ ከሩቅ ሲታይ ሀብታም ከተማ ስለሚመስል። በስዊድን ማዘጋጃ ቤት የሚተዳደረው ነዋሪው ከደመወዙ በሚከፍለው ግብር ነው። የኩባንያው የትርፍ ግብርም፣ የባለቤትነት ትርፉም ወደ ስቶክሆልም ነው የሚሄደው። ሁለት ሳምንት ሠርተው ሁለት ሳምንት ወደ ደቡብ የሚመለሱ ሠራተኞች ግብራቸውን የሚከፍሉት በተመዘገቡበት ከተማ ነው። ስለዚህ ኪሩና የአገሪቱን ታላቅ ሀብት ታቅፋ፣ ትምህርት ቤትና የአረጋውያን መጦሪያ ለማስተዳደር ገንዘብ ስትለምን ትታያለች። የከተማው መሪዎች ይህን በየዓመቱ ይናገራሉ፤ ትክክልም ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ የሳሚዎቹ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ሳትቆረቆር በፊት በዚያ ምድር ሬንዲር ያረቡ ነበር። ዛሬ በስዊድን 51 የሬንዲር አርቢዎች ማኅበረሰቦች አሉ፤ በኪሩና በኩል የሚያልፉት ጋብናና ላቫስ የሚባሉት ናቸው። መንጋቸው እንደ ወቅቱ ይዘዋወራል፤ በበጋ ምዕራብ ተራራው ላይ፣ በክረምት ምሥራቅ ጫካው ውስጥ። መንጋው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መተላለፊያ ያስፈልገዋል። ያ መተላለፊያ በመጀመሪያ በባቡር ሐዲዱ ተቆረጠ፣ ከዚያ በማዕድኑ፣ ከዚያ በአውራ ጎዳናው፣ ከዚያ በከተማዋ መስፋፋት። አሁን የቀረው ጠባብ ነው።

በጃንዋሪ 2023 ኤልኬኤቢ ከአሮጌው ማዕድን በስተሰሜን፣ ፔር ዬየር በተባለው ቦታ፣ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ብርቅዬ የምድር ማዕድናት ማግኘቱን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማግኔት የሚሠራው ከነዚህ ነው፤ አውሮፓ ደግሞ እስከ ዛሬ አብዛኛውን የምትገዛው ከቻይና ነው። በማርች 2025 የአውሮፓ ኅብረት ፕሮጀክቱን ስትራቴጂያዊ ብሎ መዘገበው፤ ፈቃዱ እንዲፈጥን ማለት ነው። የጋብና አርቢዎች መልስ ግልጽ ነው። ይህ ማዕድን ከተከፈተ የመጨረሻው መተላለፊያ ይዘጋል፤ መንጋው ከበጋ ግጦሽ ወደ ክረምት ግጦሽ መሻገር አይችልም።

የካሳው ሕግ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ቤት የገበያ ዋጋ አለው፤ 25 በመቶ ይጨመርበታል፤ ያልቃል። የመንጋ መሻገሪያ ግን አይገዛም፣ አይሸጥም፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ተወስዶ አይተከልም። ከሰማይ በታች ምትክ ቦታ የሌለው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። አረንጓዴ ኢኮኖሚ ለመገንባት የአየር ለውጡ አስቀድሞ የጎዳውን ሕዝብ መንገድ መዝጋት ፍትሕ ነው ብሎ ሊያሳምነኝ የሚችል ሰው እስካሁን አላገኘሁም። በክረምት መሀል የሚዘንበው ዝናብ ወዲያው እንደ ድንጋይ ወደ ጠጠረ በረዶ እየተለወጠ ሬንዲሩ ከሥሩ መሬት ላይ የሚበቅለውን ሽበት (ሊከን) ፈልፍሎ እንዳይበላ የሚያደርገው ይኸው የአየር ለውጥ ነውና። አርቢዎቹ በፍርድ ቤት አቅም የላቸውም ማለት ግን አይደለም። በጃንዋሪ 2020 የስዊድን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአጎራባቹ የይርያስ ማኅበረሰብ በግዛቱ የአደንና የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ የመስጠት መብቱ የራሱ እንደሆነ ከመንግሥት ጋር ተከራክሮ ሲያሸንፍ፣ ፍርዱን ያቆመው ከጥንት በነበረ ልማዳዊ መብት ላይ ነው። ፔር ዬየርም ዳኞች ፊት ሳይቀርብ አይቀርም።

ቤተ ክርስቲያኑ አዲሱ ቦታው ላይ ከተቀመጠ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 28 ቀን 2025፣ ኩባንያው ሌላ መግለጫ ሰጠ። የመሬቱ መሰንጠቅ ቀድሞ ከታሰበው በላይ ይሰፋል፤ ተጨማሪ 2,700 ቤቶችና 6,000 ሰዎች ይነሣሉ። በመጀመሪያው መስመር ያልተካተቱ፣ «እኛ ተርፈናል» ብለው ቤታቸውን ያደሱ፣ ኩሽና የቀየሩ ሰዎች በአንድ ቀን ተነሺ ሆኑ። ከተነሡት ሢሶ ላይ ሌላ ሢሶ ሲጨመር ከከተማዋ ሦስት ነዋሪ ሁለቱ ማለት ነው።

አሁን ድርድሩ ያለው በዚህ ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የሚለው «ቤቶቹን የምንሠራበት መሬት የለንም» ነው፤ በዙሪያው ያለው መሬት አብዛኛው የመንግሥት ስለሆነ መንግሥት እንዲለቅ ይጠይቃል። ከሚለቀቀው ከፊሉ ደግሞ ግጦሽ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ዙር ተነሺዎች ምትክ ቤት የት እንደሚቆም የሚወሰነው ከጋብናና ከላቫስ ጋር በሚደረገው ንግግር ጭምር ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ከጠረጴዛው ዳር የነበሩት አርቢዎች በዚህኛው መሀሉ ላይ መቀመጥ ይገባቸዋል።